ፍየሏና የሚጣፍጠው ጣሪያ

ተረት ተረት ስል የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ግን የፍየል ጎጆ ነው።

ሆዷን የምትወድ አንዲት ፍየል፣ እህል ከሚሰጣበት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥር ጎጆ ቀለሰች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ውሃው በርብራቡ ክፍተት እየሾለከ ጀርባዋን ያርሰው ነበር። ጎረቤቷን ኤሊን ልታማክር ሄደች።

«እመት ኤሊ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጣሪያ ተሸክመው ኖረዋል። ጎጆዬን በምን ልክደነው?»

«በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ልጄ» አለች ኤሊ።

ፍየሏ አጠገቧ ያለ ድንጋይ ላስ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ሄዳ ጎጆዋን ሽታው በሚያውድ ሰንበሌጥ ከደነችው።

እውነትም ጥሩ ጣሪያ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ጠብታ አላሳለፈም። እሷም ከሥሩ ተኝታ ሽቅብ እያየች ምራቋን ትውጣለች። በጋ ገብቶ የሜዳው ሣር ሲያልቅ «አንዲት ሰበዝ ብትመዘዝ ቤት አይፈርስም» አለች። በማግስቱም እንደዚያው አለች።

የበልጉ ዝናብ ሲወርድ እየተንቀጠቀጠች ወደ ኤሊ መጣች።

«ሰንበሌጥ ለካ አይበረክትም፣ እመት ኤሊ።»

ኤሊ በፍየሏ ጢም ላይ የተንጠለጠለችውን ሰበዝ አየት አደረገች። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚገኝበትን ቦታ አሳየቻት።

በተከታዩ ክረምት፣ ዶፉ ሲወርድ ኤሊ በዚያ አለፈች።

«አዲሱ ጣሪያ እንዴት ነው?»

ፍየሏ ከደረቅ መኝታዋ ሳትነሣ ሽቅብ አየች።

«ምንም አይጣፍጥም» አለችና በደስታ ዓይኗን ጨፈነች።

ተረቴን በዚሁ ከደንኩት፤ ዳቦዬን እናንተ ታውቃላችሁ።