የውሃ አባቱ የጭቃ ቦይ

«አንድ የውሃ አባት ነበረ» አሉ ጋሽ ምህረቱ።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ግን ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። እሳቸው የኢኮኖሚክስ መምህሯ ነበሩ፤ እሷ ዛሬ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መስመሮች የት ቢዘረጉ እንደሚበጅ በኮምፒውተር ሞዴል የምታጠና ባለሙያ ናት። አለቃዋ የፈለገው መስመር ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ሞዴሉ ስላሳየ፣ ውጤቱን እንድትለውጠው አዟታል። «ሞዴል እኮ እውነተኛው መስመር አይደለም ይለኛል። ይሄ ደግሞ ሐሰት አይደለም። ታዲያ በምን አፌ እምቢ ልበለው?» ብላ ነበር የመጣችው።

ጋሽ ምህረቱ ቀጠሉ።

ይህ የውሃ አባት ከአንድ ወንዝ የተጠለፈውን የቦይ ውሃ ለሦስት መንደሮች ያከፋፍል ነበር። ላይኛው መንደር ውሃው ተርፎት ሜዳ ላይ ይፈሳል። መካከለኛው እንደ ነገሩ ይበቃዋል። በታችኛው መንደር ግን ሽንኩርቱ በቁሙ ይደርቃል። በዚህ የተነሣ ሰዎች በውሃ ተራ ይጣሉ ነበር። አንድ ዓመት በአካፋ ተማትተው ሰው ሞተ።

በታችኛው መንደር የሚኖር አንድ ባለጸጋ ሕዝቡን ሰብስቦ «ከወንዙ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ የሚወርድ ሁለተኛ ቦይ እንቆፍር። ከአንድ ሁለት ይሻላል» አለ። ነገሩ ለሁሉም ጣፈጠ። የመካከለኛው መንደር ሰዎች ሳይቀሩ ለቁፋሮው ተነሡ።

የውሃ አባቱ ወዲያው እሺ አላለም። ከደጁ ተዳፋት ላይ ጭቃ አቡክቶ አገሩን በትንሹ ሠራው። ወንዙን አበጀ፣ ቦዩን አበጀ፣ ለየመንደሩ እርሻ እንደ ስፋቱ ጉድጓድ ማሰለት። ከላይኛው መንደር በታች ቦዩ በአለት መካከል የሚጠብበትን ጉሮሮም አልረሳም። ከዚያ ውሃ አፈሰሰ። በአሮጌው ቦይ ብቻ ሲያፈስ እውነተኛው አገር የሚሆነው ሆነ፤ ላይኛው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ታችኛው ጠማው። አዲሱን ቦይ ሲጨምርበት ውሃው ወደ ቁልቁለቱ ሮጠና የመካከለኛው መንደር ጉድጓድ ባዶ ቀረ። አዲሱን ደፍኖ የአለቱን ጉሮሮ ሲያሰፋ ግን ውሃው ሦስቱም ዘንድ ደረሰ።

ሕዝቡን ጠርቶ ይህን ተናገረ። ባለጸጋው ሳቀ። «ጭቃ ውሃ ይመጥጣል፤ የእኛ አገር አለት ነው። አንተ ስትጫወት የእኛ ሽንኩርት ይድረቅ?» አለና በእግሩ ረጋግጦ አፈረሰው።

የውሃ አባቱ «ስለ ጭቃው ያልከው ልክ ነው» አለ።

በገበያው ቀን ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቦዩን እንደገና ሠራው። አሁን ውስጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ለበጠው። ውሃ የሞላ እንስራ ለባለጸጋው ሰጥቶ «አንተው አፍስስ። ቦይህንም በወደድክበት በኩል አዙረው» አለው።

ባለጸጋው አፈሰሰ። የመካከለኛው ጉድጓድ ደረቀ። ቦዩን ወደ ጎን አዙሮ አፈሰሰ፤ ያው ሆነ። ቢያጠብበው ደግሞ ለራሱ መንደር የሚደርሰው ጠብታ ሆነ። ያን ጊዜ ልጇ በአካፋው ጠብ የሞተባት የመካከለኛው መንደር ሴት ወደ ፊት ወጣች። «ይህን ቦይ ከቆፈርን ቀጥሎ የምንቀብረው ማንን ነው?» አለች።

ባለጸጋው እንስራውን መሬት አስቀመጠ። «ጉሮሮውን ለማስፋት ምን ያህል ሰው ይበቃል?» አለ።

«ሁላችንም» አለ የውሃ አባቱ።

በጋውን አለት ሲፈልጡ ከረሙ። እጃቸው ቆሰለ፤ ብዙዎች እንተወው አሉ። የውሃ አባቱ መዶሻውን ይዞ ማለዳ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይገኝ ነበር፤ ባለጸጋውም አጠገቡ ይቆም ጀመር። ውሃው ሲለቀቅ በገበያው እንደታየው ፈጥኖ አልወረደም፤ ቦዩን ሣርና ሥር ይዞት ነበር። እሱን ጠረጉት። ውሃውም ታችኛው መንደር ደረሰ፤ መካከለኛውም አልደረቀ።

እዚህ ላይ ጋሽ ምህረቱ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ላይኛው መንደር ግድቡ ያለበት አገር ነው፤ እዚያ ኃይል ተርፎ ይባክናል። ታችኛው ከተማው ነው፤ ፋብሪካው በውድ ናፍጣ ይሠራል። ጉሮሮው በመካከል ያለው አቅም ያነሰው መስመር ነው። ኤሌክትሪክም እንደ ውሃው በቀለለው መንገድ ይሄዳል እንጂ ትእዛዝ አይሰማም፤ ያለ ቦታው የተጨመረ መስመር ከሌላው ይነጥቃል። ሞዴልሽም የጭቃው ቦይ ነው። አለቃሽ እውነቱን ነው፣ ሞዴሉ ራሱ ወንዙ አይደለም። የተሠራው፣ ሰው ሳይጠማ አስቀድመን እሱ ላይ እንድንሳሳት ነው። የውሃ አባቱ ስለ ጭቃው ሲነገረው ድንጋይ ለበጠበት፤ ውሃው የሄደበትን ግን በእጁ ለመመለስ አልሞከረም። አንቺም ነገ ሞዴሉን ይዘሽ ግቢ፤ አለቃሽ ራሱ ይሞክረው። እሱ የተሳሳተ ግምት ካሳየሽ እዚያው አርሚ። ካላሳየሽ ውጤቱን አትንኪ። በዚያ መስመር ምክንያት መብራት የሚጠፋበት ሰው ስብሰባው ላይ አይኖርም። ስለ እሱ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»