በማን ይማላል?

ጋሼ አጥናፉ የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ። ከሳቸው ሱቅ የወጣ ዕቃ ሁሉ በዓለም አንደኛ ነው ብለው ካላሳመኑ ምግብ አይበላላቸውም።

አንድ ቀን ጥቁር ካናቴራ የለበሰ ወጣት ገብቶ ሄቪ ሜታል የሚባለውን የሮክ ሙዚቃ የሚያዳምጥበት ሄድፎን ጠየቀ። ጋሼ ዓመት ሙሉ አልሸጥ ያላቸውን ትልቁን አወረዱለት። ወጣቱ ስልኩ ላይ ሰክቶ ሞከረው።

"ጋሼ፣ ከበሮው ብቻ ነው የሚደልቀው። ጊታሩ የት ገባ?"

"ጆሮህ ስላልለመደ ነው!" አሉና ወደ ሻጭዋ ዞሩ። ሻጭዋ ሕፃን ልጇን ለጎረቤት እየተወች የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ናት። "አንቺ፣ ለዚህ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ የለም በይው!"

ሻጭዋ መደርደሪያውን መወልወል ጀመረች። ጊታሩ እንደማይሰማ እሷም ታውቃለች።

"ምን ይዘጋሻል? ማይለት እንጂ! ልጄ ይሙት በይ! ካልማልሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ ሱቅ እንዳላይሽ!"

ወጣቱ ደንግጦ "ኧረ ጋሼ፣ ይቅር" ቢልም አልሰሙትም።

"እሺ፣ እምላለሁ" አለች ሻጭዋ ረጋ ብላ። "ግን ጋሼ፣ ልጄ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስለ ሄድፎን ምን ያውቃል? እንዲህ ላለ ትልቅ ነገር የሚማለው ዕቃውን በሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው።" ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች። "ጋሼ አጥናፉ ይሙቱ! ለሄቪ ሜታል ከዚህ የተሻለ..."

"ቆዪ! ቆዪ! አትጨርሺው!" ጋሼ እጇን ለቀም አደረጉት። "ያንን ከላይ ያለውን አውርጂለት። ጊታር የሚሰማው በሱ ነው።"