አሥር ደቂቃ ፍለጋ

የባለቤቴን የይርዳውን መርዶ የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። እህቱን ሊጠይቅ ወልድያ ሄዶ፣ ደህና አምሽቶ ተኝቶ፣ ጠዋት አልተነሣም። መካኒኩ እንድሪስ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር በሬ ላይ ሲቆም ገና ሳይናገሩ አወቅሁት። እንድሪስ ሳይቀልድ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። በልቅሶው ሰሞን ሁሉም ስለ ይርዳው የየራሱን አወራ። የእኔ ይኼ ነው፤ እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ከይርዳው ጋር ስንተዋወቅ በከተማችን ክር ፋብሪካ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። በገባን ቀን አርባ ሰው አዳራሽ አስቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ አስተማሩን፤ የፋብሪካውን ታሪክ፣ የቅጣቱን ዓይነት፣ የጥጡን ዝርያ። የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል የተነገረን መጨረሻ ላይ፣ ግማሹ ሰው ሲያንቀላፋ ነው። እኔም ካንቀላፉት አንዷ ነበርኩ። በሳምንቱ ሐሙስ፣ «ነገ ፈተና አለ፤ ክር መቀጠል ያልቻለ ይሰናበታል» ተባለ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ክር መቀጠል የሚያሳየኝ ሰው።

ወደ እትዬ ዘሐራ ሄድኩ። ክር በመቀጠል የሚስተካከላቸው አልነበረም።

«እትዬ ዘሐራ፣ እባክዎ ያሳዩኝ።»

«በደስታ፣ ልጄ። ግን ስድስት ማሽን ጥዬ የት ልሂድ? ሞላልኝ አሥር ደቂቃ ይስጠኝ።»

አሥር ደቂቃ ከሌለ እትዬ ዘሐራ አያሳዩም፤ እትዬ ዘሐራ ካላሳዩ ክሬ አይቀጠልም።

አቶ ሞላልኝ የፈረቃ ኃላፊያችን ነበሩ። «አሥር ደቂቃ?» አሉ። «ሰባት ቁጥር ማሽን ቆሞብኝ? መጀመሪያ ሰባት ቁጥር ይዙር።»

ሰባት ቁጥር ካልዞረ አሥር ደቂቃ የለም፤ አሥር ደቂቃ ከሌለ እትዬ ዘሐራ አያሳዩም፤ እትዬ ዘሐራ ካላሳዩ ክሬ አይቀጠልም።

ይርዳው የመጣው እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው አናጢ ነበር። የተሰበረ በርጩማ ተሸክሞ ሲያልፍ እንባዬን አየ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«አሥር ደቂቃ ጠፍቶብኝ ነው» አልኩት።

በርጩማውን አስቀመጠ። «ነይ እንፈልጋት» አለ።

የፋብሪካውን መካኒክ እንድሪስን ሰባት ቁጥር ማሽን ሥር ተጋድሞ አገኘነው።

«አንተ፣ ተኝተህ ነው የምትጠግነው?» አለው ይርዳው።

«ተኝቼ ነው የምጠብቀው። የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። አስካለ አዲስ ካልሰጠችኝ በጥርሴ ላዙረው?»

ቺንጋ ከሌለ ሰባት ቁጥር አይዞርም፤ ሰባት ቁጥር ካልዞረ አሥር ደቂቃ የለም፤ አሥር ደቂቃ ከሌለ እትዬ ዘሐራ አያሳዩም፤ እትዬ ዘሐራ ካላሳዩ ክሬ አይቀጠልም።

ወይዘሮ አስካለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበረች። ቺንጋው ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ይኸው፤ እኔም አየዋለሁ፣ እናንተም ታዩታላችሁ» አለች። «የሥራ አስኪያጁ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ የመጣ ግን አይነካውም።»

ማኅተም ከሌለ ቺንጋ የለም፤ ቺንጋ ከሌለ ሰባት ቁጥር አይዞርም፤ ሰባት ቁጥር ካልዞረ አሥር ደቂቃ የለም፤ አሥር ደቂቃ ከሌለ እትዬ ዘሐራ አያሳዩም፤ እትዬ ዘሐራ ካላሳዩ ክሬ አይቀጠልም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ንጋቱ ከመጡ ገና አሥራ አምስት ቀናቸው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ተከምሯል። «እየተመለከትኩት ነው» አሉን። ፋብሪካው ሁለት ሳምንት የሰማው ይህንኑ ነበር፤ ሰዉም ክፉ ናቸው እያለ ያማቸዋል። ይርዳው ግን እጃቸውን አየ። የመሳቢያውን እጀታ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋሉ።

«ጌታዬ፣ መሳቢያው እምቢ ብሎ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

አቶ ንጋቱ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማኅተሙ እውስጥ ነው» አሉ። «ሲያስረክቡኝ ሦስት ትልልቅ ፋይል ሰጡኝ፤ ቀኑን ሙሉ ገለጻ አደረጉልኝ። ስለዚህ መሳቢያ የነገረኝ የለም። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ መሳቢያ ክፈቱልኝ ይላል?»

መሳቢያው ካልተከፈተ ማኅተም የለም፤ ማኅተም ከሌለ ቺንጋ የለም፤ ቺንጋ ከሌለ ሰባት ቁጥር አይዞርም፤ ሰባት ቁጥር ካልዞረ አሥር ደቂቃ የለም፤ አሥር ደቂቃ ከሌለ እትዬ ዘሐራ አያሳዩም፤ እትዬ ዘሐራ ካላሳዩ ክሬ አይቀጠልም።

«ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል» አለ ይርዳው። «ከፍ ያድርጉት። ወደ ግራ ይግፉት። አሁን ይሳቡት።»

ራሱ አልከፈተላቸውም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጠበቃቸው። እሳቸውም ከፈቱት፤ ዘግተው ደግሞ ከፈቱት።

መሳቢያው ተከፈተ፤ ማኅተሙ ወጣ፤ አስካለ ቺንጋውን አወረደች፤ እንድሪስ ከተጋደመበት ተነሣ፤ ሰባት ቁጥር ዞረ፤ አቶ ሞላልኝ አሥር ደቂቃ ሰጡ፤ እትዬ ዘሐራ መጡ። «አትጎትቺው» አሉኝ ጣቴን ይዘው፤ «ከጥጡ ጋር አነካክተሽ ልቀቂው፤ ራሱ ይጠመዘዛል።» በአራተኛው ሙከራ ክሬ ተቀጠለ። አሥሩ ደቂቃ እንኳ አላለቀም ነበር።

አርብ ፈተናውን አለፍኩ። ሰኞ አቶ ንጋቱ ይርዳውን አስጠርተው፣ አዲስ ሰው እንዴት ቢማር እንደሚሻል ጠየቁት።

«እንደ መሳቢያው ነዋ፣ ጌታዬ። ጉርሻ ጉርሻ እያደረጉ። በቀን አሥር ደቂቃ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የራሱ እጅ እስኪለምደው።»

እንዲሁ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤቱና ሻይ ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሁለተኛው ማሽኑ እንዴት እንደሚቆም፣ በሦስተኛው ክር መቀጠል። በሳምንቱ ጥሎ የሚጠፋ አዲስ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ይርዳውን አገባሁት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ ጡረታ እስኪወጣም አዲስ ሰው በገባ ቁጥር አንዷን ጉርሻ እሱ ያጎርስ ነበር።

የክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ ነው። ይህን ያነበባችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ በዚህ ስም አንዴ አስቡልኝ፤ ዱዓ የምታደርጉም በዱዓችሁ አስገቡልኝ። ረጅም ጸሎት አልጠይቅም። አጭሯ ትበቃዋለች።