ከተራራው ማዶ የሄደችው አህያ

አንድ ጊዜ ዝናብ የራቀው አንድ ቆላማ ሸለቆ ነበር። ወንዙ ነጥፎ አሸዋው ብቻ ቀረ። ሣሩ ስላለቀ እንስሳቱ የግራር ቅርፊት መላጥ ጀመሩ። ውሃ ያለው በአንዲት ኩሬ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሷም በየቀኑ እየጠበበች ሄደች። በኩሬዋ ዳር ደግሞ አንበሳ ተጋድሞ ይውላል። ሊጠጣ የሚመጣውን ሁሉ እያየ የሚበላውን ይመርጣል።

በዚያ ሸለቆ አንዲት እርጉዝ አህያ ትኖር ነበር። አንድ ማለዳ አንበሳው በልቶ ጠግቦ ሳለ፣ እንስሳቱ በተሰበሰቡበት ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣

«ጌታዬ፣ ዝናቡ መቼ የሚመጣ ይመስልዎታል?» ስትል ጠየቀችው።

«ይመጣል» አለ አንበሳ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«መቼ?»

«ይመጣል አልኩሽ። አባቶቻችሁ እዚህ ኖረዋል፤ እናንተም እዚሁ ትኖራላችሁ። ከዚያ ተራራ ማዶ ሄዶ የተመለሰ የለም።»

«ያልተመለሱት ሞተው ይሁን ተመችቷቸው፣ አይቶ የነገረን የለም» አለች አህያዋ። «እኔ እዚህ የተሰነጠቀ ጭቃ ላይ አልወልድም። ነገ እሄዳለሁ።»

ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ቀበሮ ብቻ ተከትላት ሄዳ አንሾካሾከችላት።

«እመት አህያ፣ ጌታችን የሚከለክለን ለእኛ አዝኖ አይደለም። ሁላችንም ከሄድን ምን ይበላል? አንቺ ቅደሚ። ውሃ ካገኘሽ ዱካሽን ይዤ እመጣለሁ። ካላገኘሽም፣ ያው እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ነገርሽ ገብቶኛል» አለች አህያዋ። «ይሁን። ዱካዬን ማንም ቢከተለው አልከለክልም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጉዞ ጀመረች። ብዙም ሳትርቅ ከኋላዋ አንካሳ እርምጃ ሰማች። ዞር ስትል ጅብ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ወዴት ነው?»

«ልሸኝሽ ብዬ ነው» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። «እርጉዝ ነሽ፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ድንገት ብትወድቂ ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

ጅብ የእርግጫዋን ጉልበት ስለሚያውቅ ቆማ እያለች አይደፍራትም። የሚጠብቀው ስትወድቅ ነበር። በየጉብታው «ደከመሽ? ትንሽ ጋደም አትይም?» ይላታል። እሷም «አልደከመኝም» እያለች ትቀጥላለች። ስታርፍ እንኳ የምታርፈው ቆማ ነበር።

ከተራራው ግርጌ ካለ ደረቅ ወንዝ ሲደርሱ አህያዋ አሸዋውን አሸተተችና በኮቴዋ መቆፈር ጀመረች። ጅብ ጆሮውን አቆመ።

«ምን ቀብረሽ ነው?»

«ምንም አልቀበርኩም። ውሃ እየፈለግኩ ነው።»

«ትደብቂኛለሽ? ይሄ አጥንት ነው» አለና ገፍቶ አስወጣት። ከዚያ በሁለት እግሩ እየዛቀ፣ አሸዋውን ወደ ኋላው እየበተነ ቆፈረ፣ ቆፈረ። ሆዱ ድረስ ሲገባ ከሥሩ ውሃ መነጨ።

«ውሃ ብቻ ነው እንዴ?» አለ አዝኖ፣ አረፋ እየደፈቀ።

«እግዜር ይስጥህ» አለችውና አጎንብሳ እስክትረካ ጠጣች።

ተራራውን ወጥተው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አህያዋ ማዶውን አየች። ከታች የተዘረጋው ሌላ ደረቅ ሜዳ ነው። ልቧ ከዳት። ለመጀመሪያ ጊዜ መቆም አቃታት፤ አንድ ጉልበቷም መሬት ነካ። ጅብ ጠጋ አለ። አህያዋ ጥርሷን ነክሳ ተነሣች።

«እዚያም ድርቅ፣ እዚህም ድርቅ» አለ ጅብ ተስፋ ቆርጦ። «አንቺ እስክትወድቂ ልጠብቅ ካልኩ ቀድሜ የምወድቀው እኔ ነኝ።» ይህን ብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

አህያዋ ብቻዋን ቀረች። ያኔ ከራሷ በላይ ርግቦች እየተግተለተሉ ሜዳውን አቋርጠው ሲበሩ አየች። ርግብ ሲመሽ ከመስፈሯ በፊት ወደ ውሃ እንደምትሄድ ታውቃለች። ርግቦቹ የሄዱበትን አቅጣጫ በዓይኗ ያዘችና ቁልቁለቱን ወረደች።

ጅብ ሸለቆው ሲደርስ አንበሳ በእንስሳቱ ፊት ጠየቀው።

«ማዶው እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው ጌታዬ።»

«ሰማችሁ?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ግን ወደ ጅብ ጠጋ ብላ፣ «አህያዋስ ወደቀች?» አለችው።

«ብትወድቅ ኖሮ ሆዴ እንዲህ ባዶ ይሆን ነበር?» አለ ጅብ ተናዶ። «ስትሄድ ነው የተውኳት።»

ቀበሮ ወደ እንስሳቱ ዞረች። «እርጉዟ ቆማ ከሄደች እኛን ምን ያግደናል?» አለችና ዱካውን ይዛ ወጣች። ሚዳቋውም፣ ከርከሮውም፣ ሌላውም ተከተላት። አንበሳው አገሳ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ግን አልቻለም።

ከሜዳው ባሻገር በለምለም ቄጠማ የተከበበ ወንዝ አገኙ። አህያዋ በዳሩ ቆማ ውርንጭላዋን ታጠባለች። መንገደኞቹ እንዳይጎዱ ውሃው የማያሰምጥበትን ቦታ አሳየቻቸው።

ቀበሮ ከጠጣች በኋላ፣ «እመት አህያ፣ ከተራራው ላይ ሌላ ድርቅ ስታዪ አልፈራሽም?» ስትል ጠየቀቻት።

«ፈርቻለሁ» አለች አህያዋ። «ነገር ግን ከኋላዬ ያለው ሞት መሆኑን አውቅ ነበር። ከፊቴ ያለውን ግን ገና አላየሁትም ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ፍጡር የተወለደበትን ምድር ትቶ ወደማያውቀው አገር የሚሄደው ቀዬውን ጠልቶ ሳይሆን ለራሱና ለልጁ ሕይወት ፈልጎ መሆኑን፣ ቆርጦ የተነሣ አንድ መንገደኛም ለብዙዎች መንገድ እንደሚከፍት ነው።