ግድግዳው ላይ የበቀለው ጤፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ልነግራችሁ ነው፤ በመጀመሪያ ግን ሁላችሁም መዳፋችሁን መሬት ላይ አድርጉ። አንተም፣ ከኋላ የተደበቅከው! አደረጋችሁ? መሬት ምን ትላለች? ምንም አትልም፣ አይደል? ዝም ብላለች። በሉ ዝም እንዳለች ልጀምር። እስክጨርስ ግን እጃችሁን እንዳታነሱ።

በድሮ ዘመን፣ ፍል ውሃ ከሚፈልቅበት ተራራ ሥር ባለች አገር፣ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንዱ ንጉሡ ነበር። ደግ ነው፤ ክፉ ወሬ መስማት ግን አይወድም። ሁለተኛው ሹም ጓንጉል ነበር፤ የንጉሡን ቤቶች የሚያሠራ እሱ ነው። ምላሱ ቅቤ ነው፤ እጁ ግን ጭቃ ነክቶ አያውቅም፤ በቅሎው ላይ ተቀምጦ "ይህን እዚህ፣ ያንን እዚያ" ማለት ነው ሥራው። ሦስተኛዋ የውብዳር ነበረች፤ ቤት ለቤት እየዞረች ግድግዳ የምትመርግ ሴት። ጭቃውን በእግሯ ትረግጣለች፣ ጭድ ትደባልቃለች፣ በመዳፏ ትለቀልቃለች። ወሬ አታበዛም። ስትናገር ግን ያየችውን ብቻ ስለምትናገር ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣታል።

የዚያ አገር መሬት አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጥ ነበር። ድስቱ ይንኳኳል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰው "እግዚኦ!" ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ለምደውታል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም መቼም።

ንጉሡ ወለላ የምትባል አንድ ልጅ ነበረችው። እሷን ሊድር ሲያስብ ሹም ጓንጉልን ጠራው።

"በዚህ አገር ታይቶ የማይታወቅ አዳራሽ ሥራልኝ" አለው።

ጓንጉልም ከፍል ውሃው ዳር ያለውን ረግረግ መረጠ። ቦታው ያምራል። አናጢዎቹ ግን ፈሩ፤ "ጌታዬ፣ እዚህ እኮ አምና በሬ ሰምጦበታል" አሉት።

"አፈር ሙሉበት!" አለ።

ሞሉበት። አዳራሹም ቆመ። ንጉሡ ሲያየው በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። "የልጄ ድግስ በዚህ አዳራሽ ካለቀ፣ ይህ ሸለቆ በሙሉ ያንተ ነው" አለው።

አሁን ስሙኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መሬት ትንሽ ተንቀጠቀጠች። የአዳራሹ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጓንጉል ሎሌዎቹን ጠርቶ "ለቅልቁት!" አለ። ለቀለቁት። ንጉሡ "አዳራሼ እንዴት ነው?" ሲለው፣ "ደህና ነው፣ ጃንሆይ!" አለ።

በሁለተኛው ሳምንት መሬት ደግማ ተንቀጠቀጠች። ግድግዳው እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። "ለቅልቁት!" አለ። ለቀለቁት። "አዳራሼ እንዴት ነው?" "ደህና ነው፣ ጃንሆይ!"

በሦስተኛው ሳምንት መሬት ለሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠች። ግድግዳው አሁንም እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። "ለቅልቁት!" ለቀለቁት። በዚህኛው ቀን ግን ወለላ የሠርጓን ቦታ ልታይ ከአባቷ ጋር መጥታ ነበር። ግድግዳውን ዳበስ አደረገችው። እጇ ላይ ጭቃ ቀረ።

"አባባ፣" አለች፣ "አዲስ ቤት ስንት ጊዜ ይመረጋል?"

ንጉሡ ጓንጉልን አየው። ጓንጉል ጣሪያውን አየ። ንጉሡም ግድግዳ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ አለ፤ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "የውብዳር ናታ!" አለ።

የውብዳር ጭቃ ባለበት እግሯ መጣች። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች፣ ጎንበስ ብላ መሠረቱን አሸተተች።

"ከሥሩ ውሃ አለ" አለች። "ስንጥቁ ግን ያረጀ ይሁን ወይም አሁንም የሚሰፋ፣ ሳላይ አልናገርም።"

ጓንጉል ሳቀ። "አንቺ ለቅላቂ አይደለሽም እንዴ? ለቅልቂውና ሂጂያ!"

የውብዳር ወደ እሱ ዞረች።

"ለቅልቄ አውቃለሁ" አለች። "የራሴን ቤት። ለመስቀል እንግዳ ይመጣል፣ ስንጥቅ ቢያይብኝ አፍራለሁ ብዬ፣ አሳምሬ ለቀለቅሁት። ለባሌ እንኳ አላሳየሁትም። በበዓሉ ማግስት ባሌ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለበት መሬት ተንቀጠቀጠች፤ ግድግዳው ላዩ ላይ ወደቀ። ስንጥቁን አይቶት ቢሆን አልጋውን ከዚያ ያነሳው ነበር። የደበቅሁበት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ ሳልጠይቅ አልለቀልቅም።"

ጓንጉልም ሳቁን ዋጠው። ወለላ ግን አለቀሰች።

የውብዳር ጭቃ አቦካች። በሦስት ቦታ፣ ስንጥቁን አሻግራ፣ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ለጠፈች። አንዱን በበሩ በኩል፣ አንዱን በረግረጉ በኩል፣ አንዱን ከሙሽራዋ መቀመጫ ኋላ።

"አራት ቀን ስጡኝ" አለች። "ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይህ ጭቃ ለሁለት ይከፈላል። ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቆያል። ማንም እንዳይነካው።"

ማንም እንዳይነካው ተብሎ ያልተነካ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

በሁለተኛው ቀን መሬት ለአፍታ ተንቀጠቀጠች። ጓንጉል ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ ሮጦ ገባ። የበሩ ጭቃ ደህና ነው። በረግረጉ በኩል ያለው ለሁለት ተከፍሏል። ከሙሽራዋ መቀመጫ ኋላ ያለውም ለሁለት ተከፍሏል። ጓንጉል ደነገጠ። ሸለቆውን አሰበ፣ የንጉሡን ቁጣ አሰበ። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ጭቃ ውስጥ ነከረ። ሁለቱን ፋቀና በአዲስ ጭቃ ተካ። የውብዳር የጣቷን ምልክት ትታ ነበር፤ እሱም የጣቱን ምልክት ተወ። መጠኑም ያው፣ ቦታውም ያው። እጁን ታጥቦ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ንጉሡና መኳንንቱ መጡ። ሦስቱም ጭቃ እንዳለ ነው።

"ይኸው!" አለ ጓንጉል። "አላልኩም፣ ጃንሆይ? ደህና ነው!"

የውብዳር ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። "ጃንሆይ፣ ቀረብ ብለው ይዩ።"

ንጉሡ ቀረበ። ጭቃው ላይ ፀጉር የሚያህል ቀጫጭን አረንጓዴ ነገር በቅሏል።

"ምንድን ነው?"

"ጤፍ ነው። ያቦካሁት በጤፍ ጭድ ነው፤ ጭድ ውስጥ ፍሬ አይጠፋም። ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ በአራት ቀን በቀለ። አሁን እነዚያን ሁለቱን ይዩ።"

አዩ። ለስላሳ ጭቃ። አንድም አረንጓዴ የለበትም።

"ሦስቱንም ከአንድ የጭቃ ጉድጓድ አውጥቼ ነው የለጠፍኳቸው" አለች። "ይህ ተንኮል አይደለም፣ ጃንሆይ። ጭቃ ረግጣ የምታውቅ ሴት ሁሉ ጭቃ እንደሚያበቅል ታውቃለች። በቅሎ ላይ ሆኖ የሚያዝ ሰው ግን አያውቅም።"

ጓንጉል እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ጥፍሩ ሥር ጭቃ ነበረበታ!

ንጉሡ ተናደደ፤ የጓንጉልን ፍርድ ከሠርጉ በኋላ እንዲሆን አቆየው። ግን ተስፋም አልቆረጠም፤ ለሠርጉ አገር ሁሉ ተጠርቷል። "አንቺ ሴት፣ ቁርጡን ንገሪኝ" አለ። "ይህ አዳራሽ በልጄ ሠርግ ቀን ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?"

"ቀኑን አላውቅም" አለች። "ቀኑን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ ያለዎትን አይመኑ። እኔ የማውቀው፣ ቀኑ ሲመጣ የትኛው ግድግዳ እንደሚወድቅና ማን ከሥሩ እንደሚቀመጥ ነው።"

"ባይመጣስ?"

"ሰው ይስቅብኛል። ሳቁን እችለዋለሁ። የባሌን ሞት ግን አልቻልኩትም።"

ወለላ የአባቷን እጅ ያዘች። "አባባ፣ እኔ ሜዳ ላይ በዳስ ልዳር።"

ንጉሡ አጉረመረመ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም እሺ አለ። ዳስ ተጣለ።

የሠርጉ ቀን መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። መሬት ዝም አለች። በማግስቱም ዝም አለች። ሰው የውብዳርን ባየ ቁጥር "ወደቀ! ወደቀ!" እያለ ይስቅ ጀመር። የማገዶ ተሸካሚው ሳይቀር ሳቀባት። ያማል እኮ፣ ልጆች። እውነት ተናግሮ መሳቂያ መሆን ያማል። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን የመልሱ ግብዣ ነበር፤ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዋ ቤተሰብ ተመልሰው የሚጋበዙበት ቀን። ንጉሡ ሳቁን ሰምቷል። አፍሯል። "አሁንስ በቃ!" አለ። "መልሱ በአዳራሼ ይሆናል!" የሙሽራዋ መቀመጫ ተነጠፈ፣ ምግቡ ተደረደረ፣ እንግዳው እኩለ ቀን ላይ ወደ በሩ ተመመ።

በሩ ላይ የውብዳር ተቀምጣለች። መሐል ደፉ ላይ።

"ተነሺ!" አለ ጓንጉል።

"አልነሳም። የሚገባ ሰው እኔን ረግጦ ይግባ።"

"ጎትቷት!" አለ ጓንጉል። ሎሌዎቹ ተጠጉ። ይህን ጊዜ ወለላ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣችና አጠገቧ ዘፍ አለች። በነጩ ቀሚሷ፣ አፈሩ ላይ!

"እኔንም ጎትቱኛ" አለች።

ማን ይንካት? ሎሌዎቹ ቆሙ። እንግዳው ፀሐይ ላይ ቆሞ አጉረመረመ። ወጡ ቀዘቀዘ። ንጉሡ ተቆጥቶ ከበቅሎው ወረደ፣ ልጁን ክንዷን ይዞ አነሳት፣ የውብዳርንም ገፋ አድርጎ ከበሩ ፈቀቅ አደረጋት፣ "አሁን ግቡ!" ሊል አፉን ከፈተ።

መሬት ቀደመችው።

እንደ ወትሮው አልነበረም። ከሥር አጓራች። በቅሎዎቹ ተንበረከኩ። ንጉሡ ልጁን አቅፎ ወደ ኋላ ወደቀ። የረግረጉ ግድግዳ መጀመሪያ ተናደ፣ ከመቀመጫው ኋላ ያለው ተከተለ፣ ከዚያ ጣሪያው ተደረመሰ። አቧራው እስኪሰክን ማንም ማንንም አላየም።

አቧራው ሲሰክን የበሩ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል። ጤፉ የበቀለበት።

መኳንንቱ ነፍሳቸው መለስ ሲል የጠፋውን ይዘረዝሩ ጀመር። አንዱ "ያ ሁሉ የጥድ ግንድ!" አለ። ሌላው "ያ ሁሉ ምንጣፍ!" አለ። ሦስተኛው "ኧረ ወጡ!" አለ። ንጉሡ ግን አልሰማቸውም። አንድ ነገር ላይ ዓይኑ ተተክሏል። የጣሪያው ትልቁ ግንድ የሙሽራዋን መቀመጫ ለሁለት ሰብሮ ተጋድሟል። ወለላ ደግሞ አጠገቡ ቆማ፣ ቀሚሷ ቆሽሾ፣ ትተነፍሳለች።

"የቀረልኝን እያየሁ ነው" አለ ንጉሡ እያለቀሰ።

የውብዳር ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። "ጃንሆይ፣ አዳራሹ ባዶውን ነው የወደቀ፤ ይቆየን። መንደር እንሂድ።" ሄዱ። ንጉሡ በእግሩ ሄደ። የሸክላ ሠሪዋ ገንቦ ሁሉ ደቅቋል። የዓይነ ስውሩ የአባ ወርዶፋ ጎጆ ተደፍቷል፤ እሳቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ስለነበር ተረፉ። አንዲት እናት እግሯ ተሰብሯል፤ ምንጩ ደፍርሷል። የውብዳር በየቤቱ ሦስት ነገር ጠየቀች፦ ምን ጠፋ? ምን ተረፈ? የተረፈው ለምን ተረፈ? ሦስተኛውን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ዓለት ላይ የተሠራው ቤት ቆሟል፣ ረግረግ ላይ ያለው ወድቋል። ስንጥቁን ያሳየ ሰው ተርፏል፣ የደበቀ ሰው ተጎድቷል።

ንጉሡም ጓንጉልን አስጠራ። ሁሉም አንገቱ ሊቀላ ነው ብሎ ጠበቀ።

"ከእንግዲህ ሥራህ አገር ለአገር እየዞርክ ቤት ማየት ነው" አለው። "ደህና ነው ያልከው ቤት ውስጥ ግን ሰባት ቀን ታድራለህ። በስንጥቁ በኩል።"

ጓንጉል ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ እንደሱ ጠንቃቃ አልተገኘም። ግድግዳ ያንኳኳል፣ መሠረት ያሸታል፣ ጭቃ ለጥፎ ጤፉ እስኪበቅል ይጠብቃል። "ደህና ነው" ለማለት ምላሱ ይያዝበታል።

የውብዳርን ደግሞ "ምን ልስጥሽ?" አላት። ያንን ሸለቆ ሊሰጣት ነበር። እሷ ግን፣ "በዓል ሲመጣ ማንም ቤቱን ከመለቅለቁ በፊት ጎረቤቱን ጠርቶ ግድግዳውን ያሳይ። ይህ ይታወጅልኝ፣ ሌላ አልፈልግም" አለች። ታወጀ። በመጀመሪያው መስቀል ጎረቤት ሁሉ ቤቷ መጣ፤ የሳቁባት ሁሉ። ግድግዳዋን በአንድነት አዩላት። ስንጥቅ አልነበረበትም። እሷ ግን ባሏ ይተኛበት የነበረውን ቦታ ስታይ ቆየች።

ተረቴ ይኸው ነው። ትምህርቱን ካልነገርኩ አትለቁኝም፤ ስንጥቅ አያሳፍርም፤ መደበቁ ነው የሚገድል። መሬት ቀኗን አትነግረንም፤ ግድግዳችን ግን ይነግረናል፣ ካልለቀለቅነው።

በሉ አሁን እጃችሁን አንሱ። አሁንም ዝም ብላለች፣ አይደል? ጥሩ። ዝም እንዳለች ቶሎ ወደየቤታችሁ ሂዱና፣ ከመኝታችሁ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እዩት። ስንጥቅ ካገኛችሁ ለእናታችሁ አሳዩ፤ ለጎረቤትም አሳዩ። እኔም አሁን የራሴን ግድግዳ ለማየት ልሂድ።