የኢንጂነሩ ማዕዘን

ኢንጂነር አጥናፍሰገድ አንዱን ዲግሪ ከኩባ፣ ሌላውን ከእንግሊዝ አገር ጭኖ የመጣ ሰው ነበር። የወረዳውን ትምህርት ቤት እንዲያሠራ ሲሾም ታዲያ ከሲሚንቶው ይልቅ ቋንቋ ማቡካት ያዘ። ግንበኞቹን ጠዋት ጠዋት አሰልፎ የሂሳብ ቃላት በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ያስጠናቸዋል፤ ክቡን፣ መስመሩን፣ ማዕዘኑን በሁለቱም ቋንቋ ያልጠራ ድንጋይ አይነካም። እሱ ራሱ ግን የመሠረቱን ችካል በዓይኑ ገምቶ ተክሎ «የተማረ ዓይን ገመድ አይሻም» ብሎ ነበር።

ከግንበኞቹ መሃል አንድ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት ያቆመው በገመድና በቱምቢ ነው፤ የባዕድ ቃል ደግሞ እምቢ ብሎታል። የወረዳው አስተዳዳሪ ሊጎበኙ የመጡ ዕለት፣ ሌላው ቃሉን ሲያነበንብ እሱ መሠረቱ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ገመዱን ይዘረጋል። ኢንጂነሩ አየውና በእንግዳው ፊት ጮኸበት።

«አንተ! ዘጠና ዲግሪ የሆነ ማዕዘን በስፓኒሽ ምን ይባላል?»

«እንጃ፣ ጌታዬ።»

«በእንግሊዝኛስ?»

«እሱም አልያዘልኝም።»

«እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብና ውጣ! የማዕዘንን ስም የማያውቅ ሰው ማዕዘን አያወጣም።»

ሽማግሌው ገመዱን እየጠቀለለ ተነሣ።

«እወጣለሁ፣ ጌታዬ። ግን እርስዎ ችካል የተከሉበትን ማዕዘን አሁን ለካሁት። በዚህ ሦስት ሜትር፣ በዚያ አራት ሜትር ሄጄ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ አምስት መምጣት ሲገባው ስንዝር ተርፎት መጣ። በአማርኛ ጠማማ ነው። በየትኛው ቋንቋ ቀጥ እንደሚል ይንገሩኝና እሱን ላጥና።»