በሁለቱ ዘለላዎች መካከል

በአንድ ወቅት፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሸምሱ፣ ዳምጠውና እኔ እንኖር ነበር። ጥሩዬ ከእህቷ ቤት እየተመላለሰች ከሁለቱ ጋር ትሠራለች። ራታችን ብዙ ጊዜ ቆሎ ነው፤ እሱም የማይገኝበት ቀን ነበር። ስለዚያ ሌላ አልናገርም። ሦስቱ ፊዚክስ ያጠናሉ። እኔ ያለችንን አንዲት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ዱቄት እንዳይገባት በጨርቅ እንሸፍናታለን።

የሚያጠኑት ሰማይን ነው። ጋላክሲዎች እንደ ወይን በዘለላ ይኖራሉ። በዘለላው ውስጥ ከከዋክብቱ ሁሉ ድምር የሚከብድ ጋዝ ሞልቷል፤ ከመጋሉ የተነሳ የሚያበራው ሐኪም ቤት አጥንት በምንነሳበት ኤክስሬይ ነው። ያ ጨረር አየራችንን አያልፍም። ስለዚህ ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ይለቅመዋል፤ ተራ የደረሳቸው ተመራማሪዎች ተጠቅመው ሲያበቁ ለፈለገው ሁሉ ይለቀቃል። እኛ ጋ የሚደርሰው ያ ነበር። ምድር ላይ አንድም እንስሳ ሳይኖር የተነሳ ብርሃን መጨረሻው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ሆነ።

መምህራቸው ዶክተር ወርዶፋ ውጭ አገር ካለ የጥናት ማዕከል ለአንድ ተማሪ ቦታ አገኙ። ቦታው አዲስ ነገር ላገኘ ነው። የሚቀሩት ሁለቱ ሰማዩን ይተዋሉ፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ሸምሱ በጣሪያው ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ዱቄት ሲንሳፈፍ አየ። ባዶ የመሰለን አየር ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያጠናቸውን ሁለት ደማቅ ዘለላዎች ትቶ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ ያዘ። ዳምጠው፣ ወንድማችን ባዶ ቦታ አፍቅሯል፣ ሽማግሌ እንላክለት እያለ ሳቀበት። ሸምሱ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ የጋዝ ድልድይ አለ ከማለት አልተመለሰም። አላየውም፤ ማሳየትም አልቻለም።

ጥሩዬ አልተከራከረችም፤ የቴሌስኮፑን መረጃ ማጥራት ያዘች። ፀሐይ ስትቆጣ ቴሌስኮፑ በውሸት ብርሃን ይጥለቀለቃል። ሌሎች የባሰውን ሰዓት ብቻ ይጥላሉ፤ እሷ የተጠራጠረችውን ሁሉ ጣለች። ከግማሽ በላይ ሄደ።

«ይሄን ያህል ተጉዞ የመጣ ብርሃን እንዴት ይጣላል?» አላት ሸምሱ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው።

«የቀረው እንዲታይ» አለች።

ክረምቱ ሲወጣ በሁለቱ ዘለላዎች መካከል እንደ ትንፋሽ የሳሳ ብርሃን ተዘርግቶ ታየ። ወፍጮው ይጮኻል።

ዳምጠው ግን አላመነም። የራሳችን ጋላክሲም እንደ ጭጋግ ታበራለች፣ ያያችሁት እሷን ነው አላቸው። ሊያፈርሰው ተቀመጠ። ከዘለላዎቹ የራቀ ሰማይ መርጦ ጭጋጉን ለካና ከድልድዩ ላይ ቀነሰው። ግማሹ ጠፋ። ጥሩዬ አኮረፈችው። እሱ በሌላ መንገድ ደግሞ ሞከረ፤ የቀረው ግማሽ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ሥራውን የመረመረ ሁሉ ሊጥለው አልቻለም።

«እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ» አለ ዳምጠው፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። «ድልድዩ አለ።»

ዶክተር ወርዶፋ ሦስቱን ጠሩ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሸምሱ፣ እኔ ባልጠቁም ማን ወደዚያ ይመለከት ነበር አለ። ጥሩዬ፣ ያልታየ ነገር ምኞት ነው አለች። ዳምጠው፣ ሳይፈተን ቢወጣ መሳቂያ እንሆን ነበር አለ። ሦስቱም አልዋሹም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ አብረሃቸው ነበርክ። ለማን ልስጠው?»

መለስኩላቸው። ከሦስቱ አንድ ሰው ሄደ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ድልድዩ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ዛሬም እዚያ ያበራል።

ሳያይ ያመነው፣ ብዙውን ጥላ ጥቂቱን ያሳየችው፣ ሊያፈርስ ተነስቶ ያጸናው። እናንተ እኔን ብትሆኑ ቦታው ለማን ይገባል ትሉ ነበር?